የማይመሽበት ክፍል

እማማ ቁልፍን የማያውቅ የሰፈሩ ልጅ የለም። ስሙን ያወጡላቸው ወገባቸው ላይ በሚንሿሿው የቁልፍ ዘለላ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ናቸው፤ ሥራቸው የሚያበቃው አስር ሰዓት ላይ ነው። እሱ በወረቀት ነው! አንድ ልጅ ሁልጊዜ ሳይወሰድ ይቀራል፣ እሳቸውም አብረው ይቀራሉ። የሠራተኛው ሰርቪስ ጥሏቸው ይሄድና በዚያ በታመመ ጉልበት ቤታቸው ድረስ በእግር ይሄዳሉ።

ዘንድሮ የምትቀረው የአንዲት አውቶቡስ ሹፌር ልጅ ናት፤ አምስት ዓመቷ ነው፣ ምላሷ ግን የአርባ። ሰዓት ማንበብ ከተማረች ወዲህ አስር ባለፈ ቁጥር «እናቴ ረሳችኝ!» ብላ ታለቅስ ጀመር። እማማ ቁልፍ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ልጅቷ ከምሳ በኋላ ስትተኛ ወንበር ላይ ወጥተው የግድግዳውን ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል። «ገና ነው እኮ፣ የኔ ማር!» ሲወጡም የመውጫ ሰዓት መዝገቡ ላይ «አስር ሰዓት» ብለው ይጽፋሉ። አጠገባቸው ቆማ እያነበበች ሌላ እንዴት ይጻፉ?

አንድ ቀን ወጥ ቤቷ ጓደኛቸው ተቆጣች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም! የትርፍ ሰዓትሽን ጠይቂ፣ ቢያንስ በታክሲ ትሄጃለሽ።»

እንደ ምንም ደፍረው ጠየቁ። ዳይሬክተሩ መዝገቡን ገለጠ።

«እማማ፣ በእጅዎ የጻፉት ነው። አንድ ቀን እንኳ አላመሹም።»

ወይ ጣጣ! ውሸቴን ነው ቢሉ ቀጣፊ ሊባሉ ነው፤ ዝም ቢሉ ጉልበታቸው አለቀ።

ልጇን ልትወስድ የመጣችው ሹፌር በር ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «ጌታዬ፣ እኔ አውቶቡሱን የማስረክበው አስራ አንድ ሰዓት ነው፤ ፊርማዬ አለ። ታዲያ አስር ሰዓት ላይ ልጄን ማን ወሰዳት? ንፋስ?»

ዳይሬክተሩ መዝገቡን አየ፣ የእጅ ሰዓቱን አየ፤ አስራ አንድ ተኩል ሆኗል። አፍሮ የትርፍ ሰዓት ክፍያቸውን ፈረመ።

በማግስቱ የግድግዳውን ሰዓት ማንም አልነካውም። አስር አለፈ።

«እማማ፣ እናቴ ዘገየች?»

«ዘገየች፣ የኔ ማር። እስክትመጣ አብሬሽ ነኝ።»

ልጅቷ ለምቦጯን ጣለች። «እኔን ለመጠበቅ ይከፍሉሻል አሉ።»

«የሚከፍሉኝ ለሰዓቱ ነው» አሉ እማማ ቁልፍ፣ ጉልበታቸውን እያሹ። «አንቺንማ በነፃ ነው የምወድሽ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ተቀመጠች።