ለጋሼ ታደለ የሸጥኩት ጥይት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሬይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ካውንተሩ ላይ ገለበጠልኝ። ከውስጡ የወጣው ጥይት ነው፤ ረጅሙ፣ አጭሩ፣ ወፍራሙ፣ ቀጭኑ ተደበላልቆ። "ቂጡ ላይ የተጻፈውን እያነበብሽ በየዓይነቱ ለይተሽ አስቀምጪልኝ" አለኝና ወደ ጓዳ ገባ። ሬይ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ካስትሮ ቫሊ በምትባል ከተማ የጠመንጃና የጥይት ሱቅ የነበረው፣ ነገር የማያበዛ አሜሪካዊ ነው። እኔ የተቀጠርኩት ሱቁን ላጸዳ ነበር።

አዲስ አበባ ሳለሁ የመድኃኒት ቤት ድራጊስት ስለነበርኩ ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ አያስቸግረኝም። ሬይ ሲመለስ አሥራ አንድ ክምር ደርድሬ ጠበቅኩት። ሦስት ጥይቶች ግን ለብቻቸው አስቀምጬ ነበር። "እነዚህስ?" አለኝ። "ዝገዋል፤ ለሰው አይሰጡም" አልኩት። ሳቀና መጥረጊያውን አንስቶ ራሱ መጥረግ ጀመረ። ፈቃዴን አውጥቼ ካውንተር ላይ ከቆምኩ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ሠራሁ፤ አብዛኛውንም ደስ ብሎኝ።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ጉድ ተባለ። "ጽጌ እኮ ጠመንጃ ትሸጣለች አሉ!" አንዷማ ፊት ለፊት መጥታ "በስመ አብ! ማንን ልታስገድይ ነው?" አለችኝ። "አይጥ" አልኳት። ብዙም አልዋሸሁም።

አብዛኞቹ ደንበኞቻችን አጠገባችን ካለችው የዳብሊን ከተማ ወዲያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ከብት የሚያረቡ ሰዎች ነበሩ። ጠላታቸው ስኩዊረል የሚባል ጅራታም የአይጥ ዘመድ ነው፤ ዛፍ ላይ የሚሯሯጠው ሳይሆን መሬት ቆፍሮ የሚኖረው። ላም ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ እግሯን ትሰበራለች። ከዚያ የሚብሰው ግን የኩሬ ግድብ ውስጥ ሲገባ ነው። የአፈሩን ግድብ ወንፊት ያደርገውና ዝናብ ሲመጣ ግድቡ ይናዳል።

ይህን እንስሳ ከሩቅ ለመምታት ጥይት መምረጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሁለት እግሩ ላይ ሲቆም እንኳ ከአንድ የውኃ ጠርሙስ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ጥይቱ ቀላል፣ ፈጣን፣ የነካው ላይ የሚፈረካከስ መሆን አለበት። ካሊፎርኒያ ለአደን የእርሳስ ጥይት ስለከለከለች ደግሞ የምንሸጠው መዳብ ወይም ሌላ እርሳስ የሌለበት ነው። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል፣ ያንኑ ክብደት እንዲይዝ ጥይቱ ይረዝማል፤ የረዘመውን ጥይት ደግሞ ሁሉም በርሜል አስተካክሎ አይልከውም። ጠመንጃና ጥይት እንደ ባልና ሚስት ነው፤ አንዳንዱ አይስማማም።

ለዚህ ሥራ እጄ ቶሎ የሚሄደው ስማቸው በቁጥር ወደሆነ ሦስት ዓይነት ነበር። ‎.223 ትከሻ አይመታም፣ ጩኸቱም አይብስም፤ እስከ ሁለት መቶ ያርድ፣ መቶ ሰማንያ ሜትር ግድም፣ እሱን የሚያህል የለም። ‎.22-250 ከዚያ ፈጣን ነው፤ ሦስት መቶ ያርድም ቢሆን ብዙ ሳይወርድ ይደርሳል፣ በርሜሉ ግን ቶሎ ስለሚግል እያረፉ መተኮስ ይጠይቃል። ‎.243 ነፋስ አይገፋውም፤ ትከሻ ላይ ግን ይጠነክራል። የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ደንበኛውን አፋጥጬ እጠይቀዋለሁ። ከየት ሆነህ ነው የምትተኩሰው? ምን ያህል ይርቃል? ነፋሱ በስንት ሰዓት ይነሳል? ከዒላማው ጀርባ ምን አለ? አንዳንዱ "ጥይት ልገዛ እንጂ ቪዛ ልጠይቅ መጣሁ እንዴ!" ብሎ ይስቅብኝ ነበር። ሁሉንም ጠይቄአለሁ። ያልጠየቅኩት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጋሼ ታደለን።

ጋሼ ታደለ ኦክላንድ ውስጥ ስንት ዘመን ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። ባሌ እኔን ሊያገባ ሲያስብ ሽማግሌ አድርጎ የላከው እሳቸውን ነበር። ጡረታ ሲወጡ ከዳብሊን ወዲያ ካርላ ከምትባል ባለመሬት የግጦሽ ቦታ በሊዝ ይዘው አርባ በግ ማርባት ጀመሩ። ታክሲ ሲነዱ የጎበጡት ሰውዬ በጎቹን ሲያገኙ ቀና አሉ ማለት ይቻላል። ስኩዊረሉ የካርላን ግድብ መቦርቦር ሲጀምር "መሬቱን የያዝከው አንተ ነህ፣ አጽዳው" አለቻቸውና ወደ እኛ ሱቅ መጡ።

"ጽጌ ልጄ፣ ትልቁን አምጪልኝ።"

"የቱን ጋሼ?"

ጣታቸውን ወደ ‎.300 ማግነሙ ቀሰሩ። እሱ ድብ የሚጥል ነው። "ጋሼ፣ ይሄኛው እንኳ ለ..." ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። "አባቴ ምንሽር ነበረው። አሁን አንቺ እኔን ስለ ጠመንጃ ልታስተምሪኝ ነው?" አሉ እየሳቁ። ሌሎች ደንበኞች ቆመው ያዩናል። "ኧረ እንዴት ተደርጎ ጋሼ!" አልኩና ወረቀቱን ሞላሁላቸው። ሕጉ የሚያዘው የአሥር ቀን መጠበቂያ ሲያልቅ መጥተው ጠመንጃውን ወሰዱ። አብሬ የሰጠኋቸው ለትልቅ አውሬ የተሠራ የመዳብ ጥይት ነበር፤ የማይፈረካከስ፣ ጠንካራ። ለስኩዊረል እንደማይሆን አሳምሬ አውቅ ነበር። ይሉኝታ አፌን ያዘኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጥይት ሊገዙ መጡ። "እንዴት ነው ጋሼ?" ስላቸው "እሰይ ነው! ምን ይወጣለታል!" ይሉኛል። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ግን ካርቶኑን በግራ እጃቸው አነሱት። ቀኝ ትከሻቸው እንዳልታዘዛቸው አየሁ፤ ያየሁትንም ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ።

ሜይ እንደገባ ካርላ ራሷ ሱቁ መጣች። ካውንተሩ ላይ አንድ የተጣመመ የመዳብ ጥይት ወረወረችና "ማነው ለታደለ ይሄን የሸጠው?" አለች። ግድቡ አናት ላይ በቆመ ስኩዊረል ላይ ጋሼ ሲተኩሱ ጥይቱ ድንጋይ ነክቶ ነጥሯል። ነጥሮም አጥሩን ተሻግሮ የጎረቤቷን የውኃ ታንከር በስቷል። ጥይቱ የተገኘው ታንከሩ ውስጥ ነው። "ታንከሩ አጠገብ ሰው ቆሞ ቢሆንስ?" አለች።

"የሸጥኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ካርላ ሁለት ነገር ተናግራ ሄደች። ጁን ሲገባ ስኩዊረሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ ከዚያ በኋላ አይገኝም። እስከዚያ ግድቡ ካልጸዳ ታደለ በጎቹን ይዞ ይወጣል። አንድ ጥይት ዳግመኛ ከግቢዋ ካመለጠ ደግሞ የሚወጣው በዚያው ዕለት ነው።

ሬይ አልጮኸም። "ምን ምን ብለሽ ጠየቅሽው?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። "ለምን?" ይሉኝታ ለሚለው በእንግሊዝኛ ቃል አላገኘሁለትም። በመጨረሻ "ሽማግሌ ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ" አልኩት። "ሽማግሌ ከሆነማ ትከሻው ደካማ ነው፤ ያን ጊዜ ነበር አብልጠሽ መጠየቅ የነበረብሽ" አለኝ። አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከሬይ ጋር ወደ ኮረብታው ወጣን። ጋሼ ታደለ በጎቹ መሐል ነበሩ። ከስተዋል። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥይቱ ለዚህ እንደማይሆን ያን ቀን አውቅ ነበር፤ ደፍሬ አልነገርኩዎትም" አልኳቸው። መሬት መሬት እያዩ በጎቹን ከመንገዳችን ገለል አደረጉ። እኔም ያንን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ሥራዬን ጀመርኩ።

ጋሼ የሚተኩሱት ከግጦሹ መግቢያ በር አጠገብ ሆነው ነበር። እዚያ ቆሜ ግድቡን ሳየው ከአናቱ በላይ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው፤ ከእሱ ወዲያ ግን፣ ሳይታይ፣ የጎረቤት ግቢ አለ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄ ነው። በኩሬው ወዲያ ማዶ ዞረን ወጣን። ከዚያ ሲታይ ከግድቡ ጀርባ ግድግዳ የሚያህል ኮረብታ አለ፤ ያመለጠ ጥይት ቢኖር አፈር ውስጥ ይቀበራል። ውኃው ላይ ነጥሮ እንዳይነሳም ከፍ ያለ ቦታ መረጥን። ሬይ ርቀቱን ለካው፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ያርድ ሆነ። ነፋሱ መቼ እንደሚነሳ ስጠይቃቸው ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። "ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ቅጠል አይንቀሳቀስም" አሉ፤ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ለዚያ ርቀት .223 ጉልበቱ ያጥራል። ‎.243ን ያ የተጎዳ ትከሻ አይችለውም። ወፍራም በርሜል ያለው .22-250 መረጥኩላቸው፤ ቀላል፣ እርሳስ የሌለበት፣ አፈር ሲነካ ዱቄት የሚሆን ጥይት። ሬይ ማግነሙን መልሶ ወሰደ። እንደገና አሥር ቀን መጠበቅ ግድ ስለነበር ከቀረችን አንድ ወር ላይ ያቺም ተቀነሰች። ስንጠብቅ ለጎረቤቱ አዲስ ታንከር አስገባንለት፤ ጋሼ አንድ ጠቦት ጨምረው ይቅርታ ጠየቁት።

ጠመንጃው በወጣ ማግስት ማለዳ አብሬያቸው ተኛሁ፣ ሣሩ ላይ በደረቴ። ተኮሱ፤ ሳቱ። ደገሙ፤ ሳቱ።

"ዓይንዎን ይጨፍናሉ ጋሼ።"

"እኔ? እኔ ታደለ?"

ሳያዩ ጥይቱን አውጥቼ ባዶውን ሰጠኋቸው። ቃታውን ሲስቡ ጠመንጃው ዝም አለ፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ትከሻቸውን ወደ ኋላ ሸሸት አደረጉ። ያ ማግነም ያስለመዳቸው ፍርሃት ነው። ባዶውን መያዛቸውን ሲያውቁ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ! በባዶ ጠመንጃ ደነገጥኩ!"

ሃያ ጊዜ በባዶ ካለማመድኳቸው በኋላ ጥይት አጎረስን። ይህኛው ጠመንጃ ስለማይዘል ዒላማው ከጠመንጃው መነጽር ውስጥ አይጠፋም፤ የመታውንም የሳተውንም ራሳቸው ያያሉ። በሦስተኛው "አየሁት! ሲወድቅ አየሁት ጽጌ!" ብለው ጮኹ። ደስታቸው ለእኔም ተረፈኝ። ከዚያ በኋላ በየማለዳው ነፋሱ እስኪነሳ ይተኩሳሉ፤ በርሜሉ ሲግል እያረፉ፣ ነፋስ ሲመጣ አካፋ ይዘው ባዶውን ጉድጓድ እየደፈኑ።

ጁን ሲገባ ካርላ ግድቡን ከዳር እስከ ዳር በእግሯ ሄደችበት። አዲስ የተቆፈረ አፈር አላገኘችም። "ሊዙ ይታደሳል" አለች። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

እሷ ከሄደች በኋላ ፒክአፑ ላይ ተቀመጥን። "ማግነሙ እንደማይሆን ከመጀመሪያዋ ጥይት ጀምሮ ገብቶኛል" አሉኝ። "ትከሻዬን ሲያገኘኝ ሰማዩ ዞረብኝ።"

"ታዲያ ለምን መጥተው አልነገሩኝም?"

"አለቃሽ ፊት ላሳፍርሽ? የሸጥሽልኝን መጥፎ ነው ብዬ? ሥራሽን ብታጪስ?" አሉ።

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እኔ እሳቸውን ላለመድፈር ዝም አልኩ፤ እሳቸው እኔን ላለማሳፈር ዝም አሉ። ሰው አለመሞቱ የእግዜር ቸርነት እንጂ የእኛ ጥንቃቄ አይደለም።

ከእኔ በኋላ ካውንተር ላይ ለምትቆሙ የምለው ይህንኑ ነው። ጥይት ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከዒላማው ጀርባ ያለው ነው፤ ከዚያ ርቀቱና ነፋሱ፣ ከዚያ የተኳሹ ትከሻ፤ እንስሳው መጨረሻ ነው። የምታከብሩት ሰው ሲመጣ ደግሞ አንዱንም ሳትዘሉ ጠይቁ።