በአንዲት ግስ የተደረገ ሽምግልና

ሮም ሁለት ዓመት በስደት ስኖር ይዤ የወጣሁት አንድ ግስ ብቻ ነው፤ ቬኒሬ፣ መምጣት ማለት ነው። እስፓኙም ፈረንሳዩም ጫፏን ቆረጥ አድርጎ ቬኒር ይላታል። አሁን አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ መኪና ፓርክ ሳስደርግ ኋላ ማርሽ ያስገባውን ሁሉ «ቬኒር፣ ቬኒር» እለዋለሁ፤ ይመጣል። ሶ፣ በዚህችው ራሴን የሦስት ቋንቋ ሊቅ አድርጌ ሾምኩ። ተክለብርሃን ከሚሉኝ ፕሮፌሰር ቢሉኝ በወደድኩ።

ልጄ ሄራን ማውሪሲዮ የሚባል የኤል ሳልቫዶር ልጅ ወደደች። እኔም ያለ ሽማግሌ ልጅ አልሰጥም አልኩ። አባቱ ዶን ኤፍራይን ከረቫቱን አስሮ፣ ሁለት ወንድሞቹን አስከትሎ መጣ። ሄራን ላስተርጉም ብትል፣ እኔ ሮም የኖርኩ ሰው ነኝ ብዬ ከእናቷ ጋር ከቤት አስወጣኋት።

ደንባችን የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ልጅቷ ርካሽ እንዳትመስል ሌላ ቀን ኑ ተብሎ ይመለሳል። ዶን ኤፍራይን በእስፓኝኛ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ኮስተር ብዬ «ኖ» አልኩ። ቀጥሎ «ሌላ ቀን» የሚለውን ብፈልግ፣ ወይ ፍንክች። ሄደው እንዲመለሱ በጣቴ በሩን እያሳየሁ «ቬኒር፣ ቬኒር» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያይተው ወጡ። እኔማ እንዴት አድርጌ አስረዳኋቸው ብዬ ኮራሁ።

አመሻሹ ላይ ሄራን እያለቀሰች ገባች። ዶን ኤፍራይን ያባረረኝን ሰው ደጅ ዳግም አልረግጥም ብሎ ምሏል፤ ማውሪሲዮ ደግሞ አባቱ ካልመረቀው አያገባም። ባለቤቴ ፅጌ ገልመጥ አድርጋ አየችኝና፣ «አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ብትዘጋው ምን ነበረበት?» አለችኝ።

በማግስቱ የሴቷ አባት እኔው ሽማግሌ ሆኜ ዶን ኤፍራይን ቤት ሄድኩ። በዘራችን ታይቶ የማይታወቅ ጉድ ነው። ሄራን ቀድማኝ ሄዳ ደንባችንን ስታስረዳቸው ቆይታለች። ግባ ቢሉኝ እንቢ አልኩ፤ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ «ቬኒር» አልኩ። ሌላ ምን አለኝና!

ዶን ኤፍራይን እንደ እኔው ኮስተር አለ። ከዚያ ሄራን ያስጠናችውን አማርኛ አንድ በአንድ እያነሳ፣

«ሌላ ቀን ይምጡ» አለኝ።

ከጀርባው ልጄ አፏን ይዛ ትስቃለች። ደንብ ነውና፣ ደስታዬን ውጬ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ ተመለስኩ።