የቀሃ ጉምና ሁለተኛው ዓይኔ

ትምህርቴ ከመልእክተ ዮሐንስ አላለፈም፤ ሥዕል ማወቅ ግን አውቃለሁ። በደብራችን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት ተስሎ በሁለት ዓይኑ ያያል። ይሁዳና ሰይጣን በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ጎንደር ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።

አዲሱ መንግሥት በገባ በጥቂት ዓመቱ፣ መስከረም ላይ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሠዓሊ ማለዳ ማለዳ ቀሃ ወንዝ ዳር ሸራውን ዘርግቶ ይቆም ነበር። በቅሎዬን ውሃ የማጠጣው እዚያው ነው። «አባባ፣ እንደዚያው ይቁሙልኝ» ይለኛል፤ እቆምለታለሁ። ጉሙ ሲገፈፍ ዕቃውን ይሰበስባል።

«ምነው? ሁሉ ነገር የሚታየው ገና አሁን እኮ ነው!» አልኩት።

«ብርሃኑ አመለጠኝ» አለ። ፀሐይ ዓይኔን እያጥበረበረችኝ!

ባምስተኛው ቀን ተጠግቼ አየሁ። ውሃው ሐምራዊ፣ ጉሙ ቢጫ፣ በቅሎዬ ሰማያዊ። ይሁን ብዬ አለፍኩት። እኔ ግን በጎን ቆሜአለሁ፤ አንድ ዓይን!

«ልጄ፣ ምን በደልኩህ? ይሄ የት ሊሰቀል ነው?»

«እዚሁ አራዳ፣ ሆቴል ውስጥ። እነሱ ናቸው ያዘዙኝ።»

በዚያው ሰሞን ለልጄ ሚስት እንዲጠይቁልኝ ሽማግሌ ልኬ መልስ እየጠበቅሁ ነበር። የልጅቱ አባት ደግሞ ቅዳሜ ከአምባ ጊዮርጊስ ለገበያ ሲመጣ ሻዩን የሚጠጣው እዚያ ሆቴል ነው። በቅሎዬን በተቀደደ ጆሮዋ ያውቃታል፤ ባለቤቷንም አያጣውም። ይሁዳን መስሎ ከተሳለ ሰው ጋር ማን ይጋባል?

«ሁለተኛውን ዓይን ጨምርልኝ።»

«አባባ፣ በዚህ ጉም፣ በዚህ ርቀት ዓይን አይታይም እኮ! አንዱንም ላጠፋው ነበር።»

«ባይታይም አለ። ጉም ዓይን አያወልቅም!»

ሦስት ማለዳ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ልብስ ልታጥብ የወረደችው ባለቤቴ ከድንጋዩ ላይ ጮኸች፦ «አንተ ሰውዬ፣ ጀርባህን አዙርለትና ይገላግለን!»

ጀርባዬን አዞርኩለት። ሲጨርስ ዐሥር እርምጃ ወደ ኋላ አስኬዶ አሳየኝ። ሐምራዊው ውሃ ሆኖ ቁጭ አለ። ቢጫው በጉሙ ውስጥ የምትመጣ ፀሐይ ሆነ፤ የማለዳው ብርድ እግሬን ሲይዘኝ ተሰማኝ። ሸጋ ነበር። ለእሱ ግን አልነገርኩትም፤ «በቅሎዋን ተጠንቅቀህ ብትስላት ደግ ነበር» ብዬው ሄድኩ።

ቅዳሜ የልጅቱ አባት ሥዕሉን አየው። ሽማግሌዎቼንም ጠርቶ፣ «ልጄን ይጠይቀኛል፤ ምነው በሰው ፊት ጀርባውን ሰጠኝ? ንቆኛል?» አላቸው።

ሰኞ በመጀመሪያው ማኪና አምባ ጊዮርጊስ ወጣሁ። ከደጃፉ ቆሜ ከጉሙ ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ።

«ለአንዲት ዓይን ሦስት ቀን ተሟገትክ?»

«ቢፈለግ ወርም እሟገት ነበር።»

«በል ግባ። የኔዋም ልጅ ያዘችውን አትለቅም፤ የሚችላት እንዲህ ያለ ቤት ነው» አለና የሠርጉን ቀን ቆረጥን።

ወደ ጎንደር ስመለስ፣ መንገዱን ሙሉ ያዘንኩት ለልጄ ነው።