ያልተናገረ አለ?

ለሥራ ወደ ጀርመን ልሄድ ከኦቾሎ የወጣሁበት ምሽት የሚኒባሱ ሾፌር ጡሩንባውን እየነፋ ያጣድፈን ነበር። "ከጨለመ ቁልቁለቱን አልወርድም! እናንተ ስትመራረቁ እኔ ገደል ልግባላችሁ?" ይላል። አባቴ ግን የሚጣደፍ ሰው አይደለም። ሸማኔ ነው፤ በዚያ ላይ ሃላቃ ሆኖ ዱቡሻ ላይ፣ ማለትም በመንደራችን የጉባኤ ሜዳ፣ ስብሰባ ሲመራ ኖሯል። ሃላቃ ብዙ አያወራም፤ ሥራው ተራ መስጠት ነው። ተራው ደርሶ ያልተዘጋጀውን ያልፈዋል፤ ጉባኤው ከመበተኑ በፊት ግን ይመለስና "ያልተናገረ አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ጠይቆም ይጠብቃል።

ቤታችንም ውስጥ ደንቡ ያው ነው። ያን ምሽት አጎቶቼና ታናናሾቼ በየተራ መረቁኝ። እናቴ ጋ ሲደርስ ዝም አለች። አባቴ አለፋት። ሊመለስባት ሲል ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። እናቴም አባቴ የሸመነውን ቡልኮ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና ወረድን። የላንቴን የሙዝ ማሳ ስናልፍ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ጀርመን ገብቼ መጀመሪያ የተማርኩት ቃል "ሩኸፃይት" ነው፤ የጸጥታ ሰዓት ማለት ነው። አንድ እሑድ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ለዳጣ ስወቅጥ አከራዬ ወይዘሮ ቤከር በሬን አንኳኩ።

"ምን እየሠሩ ነው?"

"ምግብ ነው።"

"ምግብ ድምፅ የለውም።"

"የኛ አገር አለው።"

"እንግዲያው ሰኞ ይብሉ!"

ሰኞ ማታ አቀመስኳቸው። ፊታቸው ቲማቲም መሰለ፤ ውኃቸውን ጠጥተው ሳህኑን መልሰው ዘረጉ። አሁን ቅዳሜ ሲሆን "ነገ እሑድ ነው፤ ዛሬ ውቀጪ" ብለው የሚያስታውሱኝ እሳቸው ናቸው። ብርዱን ቡልኮዬ ቻለው። ያልለመድኩት ሙዙን ነው፤ የኩልፎን ወንዝ ዳር ሙዝ ለለመደ ሰው የዚህኛው መልክ ብቻ ነው።

የገባሁበት ድርጅት በየባቡር ጣቢያው የቆሙትን የቲኬት ማሽኖች ከዋናው ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ይሠራል። ማሽኖቹ ብዙ፣ ኮምፒውተሩ አንድ። ሁሉም በአንዴ ከተናገሩ ምንም አይደማመጡም። ስለዚህ መሃል የሚቀመጠው ኮንትሮለር እያንዳንዱን ማሽን በተራ "የምትልከው አለህ?" ብሎ ይጠይቃል። ይህን ሲያስረዱኝ ሳቄ አመለጠኝ። ሃላቃ ነዋ!

የቸገረኝ የራሳችን ስብሰባ ነው። አንዱ ካንዱ አፍ እየነጠቀ ያወራል። እኔ ደግሞ እንዳደግኩት ተራ እስኪሰጠኝ ቁጭ። የሙከራ ጊዜዬን ካላለፍኩ የመኖሪያ ፈቃዴ አብሮ ይሄዳል፤ ቡልኮዬን ጠቅልዬ መመለሴ ነው። ጊዜው ሊያልቅ ሲል አለቃዬ ዩርገን ቢሮው ጠራኝ።

"ሥራሽ ጥሩ ነው፤ ስብሰባ ላይ ግን የለሽም።"

"አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም!"

"አትናገሪም ማለቴ ነው።"

"ማንም አልጠየቀኝማ።"

"እዚህ ማንም አይጠየቅም።"

"ችግሩ እሱ ነው" ልለው አልኩና ስላልተጠየቅኩ ዋጥኩት።

በዚያው ሰሞን ተራራ ላይ ያሉት ያረጁ ማሽኖች አስቸገሩ። መልስ ለመስጠት ይዘገያሉ፤ ኮንትሮለሩ ጥቂት ይጠብቅና "ሞቷል" ብሎ ከተራ ያወጣቸዋል። መንገደኛው ያለ ቲኬት ይቀራል። ረዘም አድርጎ ቢጠብቃቸው ደግሞ የቀሩት ሁሉ ይቆማሉ። ስብሰባው በጩኸት ተሞላ፤ ግማሹ "እንጠብቅ"፣ ግማሹ "አሮጌዎቹን እንጣል" ይላል። ዩርገንን ቢሮው ውስጥ የተነጋገርነው ሳይከነክነው አልቀረም፣ ወደ እኔ ዞሮ "አንቺስ?" አለኝ።

ተናገርኩ። "የዘገየውን ማሽን ቆማችሁ አትጠብቁት፣ ግን አትቅበሩት። እለፉት። ዙሩ ሲያልቅ ወዳለፋችኋቸው ብቻ ተመለሱና ታግሣችሁ ጠይቁ።"

ሩኸፃይት የሆነ መሰለኝ። እንዳልኩት አድርገው ሞከሩት፤ ሞቱ የተባሉት ማሽኖች አንድ በአንድ መለሱ። የሙከራ ጊዜዬንም አለፍኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ድርጅቱ ፈጠራውን በስሜ ሊያስመዘግብ ጠበቃ አመጣ።

"ይህን አሠራር ከዚህ በፊት የተጠቀመበት አለ? ካለ አይመዘገብም።"

"አዎ" አልኩ። ዩርገንን ሳል አነቀው።

"ማን?"

"አባቴ።"

"በየትኛው ድርጅት?"

"ድርጅት አይደለም፤ እሱና የመንደሩ ሰዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው።"

"ፕሮሰሰር ነበራቸው?"

"የለም፣ ሽማግሌዎች ናቸው።"

ጠበቃው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ሽማግሌዎችን ይህ ሕግ አይመለከትም" አለና መጻፉን ቀጠለ።

ባለፈው እሑድ ይህን ለቤተሰቤ ልነግር ደወልኩ። እንደ ወትሮው ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው መሃል አስቀምጠው ከበቡት፤ አባቴ ተራ ይሰጣል። ፈጠራዬን ስነግረው "ታዲያ ይሄ ምኑ አዲስ ነው?" አለ። ኩራቱ ግን ከድምፁ ያስታውቃል። እናቴ ጋ ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው "እኔ ይለፈኝ" አለች። ከተለያየን ጀምሮ ስልክ ላይ ከዚህ ሌላ ተናግራ አታውቅም። ሁሉም ጨረሱ።

"ያልተናገረ አለ?" አለ አባቴ።

ዝም። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ሄሎ፣ ሄሎ" እልና ተቋረጠ ብዬ እዘጋው ነበር። አሁን ጠበቅኩ።

"የዚያን ቀን ተራዬ ሲደርስ" አለች እናቴ፣ "'አትሂጂ' ልልሽ ነበር። መንገድሽን እንዳላበላሽብሽ ነው ዝም ያልኩት።" ቀጠለች። "አሁን ግን ሥራሽ ይባረክ። ብርዱ አይንካሽ። በሰላም ይመልስሽ።"

እንባዬ ቡልኮው ላይ ወረደ።

"ልጄ፣ ተራው ያንቺ ነው" አለ አባቴ።

አንድ ቃል አልወጣ አለኝ። እሱም አላለፈኝም፤ ስልኩን ሳይዘጋ ጠበቀኝ።