ለንቦቹ የተነገረ መርዶ

የቤት ሠራተኛዋ ንግሥት በቤቱ ቁልፍ የንብ ቀፎውን ሦስት ጊዜ አንኳኳች። ጣሊያን አገር፣ አራተኛ ፎቅ ሰገነት ላይ ናት። ንብ ስለምትፈራ የወጥ ቤት ፎጣ ፊቷ ላይ ጥላለች።

«አርተር ሞተዋል» አለች በአማርኛ። ከዚያ ምን እንደሚባል አላወቀችም።

አርተር የአሠሪዋ የሲኞራ ኤዲት ወንድም ናቸው። ጠዋት ልጃቸው ከእንግሊዝ ደውሎ ነበር። «አባቴ ትናንት አረፈ። የአክስቴ ልብ ደካማ ነው፤ ሐሙስ እስክመጣ እንዳትነግሪያቸው» አላት። ቀኑ ሰኞ ነው።

ሲኞራ ኤዲት ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። የአያቶቻቸውንና እንግሊዝ ያለውን የትውልድ መንደራቸውን ወግ በደብተር ይጽፋሉ። የጠፋባቸውን ስም ሁሉ የሚጠይቁት ወንድማቸውን ነው፤ ማታ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይደውሉላቸዋል። ከምሳ በኋላ ደግሞ የጻፉትን ለንግሥት ያነቡላታል። እንደጻፉት፣ በመንደራቸው ከቤተሰቡ ሰው ሲሞት ቀፎው በቤቱ ቁልፍ ይንኳኳል፤ ለንቦቹም ይነገራቸዋል። ካልተነገራቸው ጥለው ይሄዳሉ።

ንግሥት የምታውቀው መርዶ ሌላ ነው። ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ ማልዶ ሄዶ ነው የሚያረዳው። ግራ ሲገባት ለምታውቃቸው ሐበሻ መነኩሲት፣ ለሲስተር ወለተ ሥላሴ ደወለች።

«ብቻሽን እንዳትናገሪ። ሰው ሰብስቢ» አሏት።

«ማንን ልሰብስብ ሲስተር? ፖርቲናዮውን?»

«ምን አለበት? በር ጠባቂ ሰው አይደለም እንዴ?»

ፖርቲናዮው ፈቃድ ላይ ነበር። ብትናገር ሴትዮዋ አንድ ነገር ቢሆኑስ? ሥራዋም ይሄዳል፤ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ፔርሜሶዋ፣ የሚታደሰው በዚህ ሥራ ውል ነው። ዝም ብትል ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩን ያነሳሉ። ምሳ ስታቀርብ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረች። በመጨረሻ ሲኞራ ሲያሸልቡ ቁልፉን ይዛ ወደ ሰገነቱ ወጣች። ልጁ ለንቦቹ አትንገሪ አላላትም።

ከኋላዋ የሰገነቱ በር ተከፈተ። ሲኞራ ኤዲት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ማን ነው?» አሉ።

«ማንም... ማለቴ፣ ሲኞራ፣ ቀፎውን ላጸዳ...»

«በቁልፍ?»

ንግሥት ፎጣውን ከፊቷ አነሳች።

«አርተር ነው?»

«አዎ፣ ሲኞራ። ትናንት።»

አሮጊቷ የልብስ ማስጫው አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ንግሥት እጃቸውን ያዘች፤ ትንፋሻቸውን አዳመጠች።

«በምን ቋንቋ ነገርሻቸው?»

«በአማርኛ።»

«ከፍራስካቲ የመጡ የጣሊያን ንቦች ናቸው እኮ፣ አንቺ ልጅ። በጣሊያንኛ ድገሚላቸው።»

ንግሥት ይቀልዱ አይቀልዱ አልገባትም። ፎጣዋን መልሳ ተከናንባ አንኳኳች፤ ደገመችላቸውም።

ሐሙስ ልጁ ሲመጣ አክስቱ ጥቁር ለብሰው፣ ለቀብሩ ጉዞ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው ጠበቁት። ንግሥትን ማንም አላባረራትም። ንቦቹ ግን፣ በሁለት ቋንቋ ቢነገራቸውም፣ በሳምንቱ ቀፎውን ጥለው ሄዱ።