የማዳሜ መኪና ኻልዴ መጣች

ከደብረ ብርሃን በወጣሁበት ምሽት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። እናቴ ጋቢዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል ብታደርግልኝ ደላላው ከሚኒባሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ሳቀ። "እማማ፣ ቤሩት እኮ ሙቀት ነው!"

"ሲመሽ መብረዱ ይቀራል እንዴ?" አለችው።

የቤሩት ነሐሴ ሲመሽም አይበርድም፣ ወገኖቼ። እኛ አገር ነሐሴ ሲባል እሳት ዳር እንሰበሰባለን፤ እዚህ ግን የባሕሩ እርጥበት ልብስሽን ገላሽ ላይ ይለጥፈዋል። ማዳሜ ያስተኛችኝ በረንዳ ላይ ነበር። የሳሎኑ ኤሲ የውጭ ማሽን ከፍራሼ በላይ ተሰቅሏል፤ ማዳሜና ቤተሰቧ ውስጥ ሲቀዘቅዙ የቤቱ ሙቀት ሁሉ እኔ ላይ ይተነፍሳል።

አንድ ቀን፣ "ማዳም፣ ሙቀቱ አላስተኛኝ አለ" አልኳት።

"ሐቢብቲ፣ ውዴ፣ አንቺ አፍሪካዊት አይደለሽ? ሙቀት ለምደሻል!"

"እኔ ያደግሁት ውርጭ ውስጥ ነው።"

"አፍሪካ ውስጥ ብርድ? ሜርሲ፣ አሳቅሽኝ!" ምስጋናዋ እንደ ሁልጊዜው በፈረንሳይኛ ነው።

ኮንትራቴ ሲያልቅ አገሬ ልግባ አልኩ። ፓስፖርቴን ቆልፋበት "ማን ሊያበስልልኝ ነው?" አለችኝ። ቆሻሻ ልጥል በወረድኩበት፣ በለበስኩት ልብስ፣ አልተመለስኩም።

እዚያው ቤሩት፣ ሳብራ የሚባል ሰፈር ከአገሬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋራሁ። ከዚያ ከቤሩት ወጣ ብሎ ኻልዴ መንገድ ዳር፣ የመኪና ኤሲ የሚጠግን ጋራዥ ውስጥ የጽዳት ሥራ አገኘሁ። ባለቤቱን ሙዓለም ነቢል እንለዋለን፤ አለቃ ነቢል እንደማለት። ወገቡን ስለሚያመው ዳሽቦርድ ሥር መግባት አይችልም፤ የእኔ ክንድ ደግሞ ቀጭን ነው። መወልወያዬን አስጥሎ የጋዝ ግፊት የሚለካውን ጌጅ ማንበብ፣ ቱቦው ላይ የሳሙና አረፋ ቀብቶ የሚያፈስበትን መፈለግ አስተማረኝ። "ጋዝ በራሱ አያልቅም፤ ያኒ፣ ማለቴ፣ ከጎደለ የሆነ ቦታ ሾልኳል" ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ከመድረሴ በፊት አንዲት ሴት መኪናዋን ትታ ሄዳለች። ጋዝ በተሞላላት ቁጥር ብዙ ሳይቆይ መልሶ ሞቃት አየር ይነፍስባታል አለኝ ሙዓለም። ስፈትሸው የሚያፈሰው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ማቀዝቀዣ ነው። መሪውን ፈታሁ፤ ዳሽቦርዱንም አውጥቼ መሬት ላይ አጋደምኩት። ቀን ላይ የጫማ ኮቴ ሰምቼ ቀና ስል፣ ማዳሜ!

"አንቺ! አንቺ ሌባ! አሁኑኑ ፖሊስ ነው የምጠራው!"

መኖሪያ ፈቃድ የለኝም፤ ፖሊስ መጣ ማለት እስር ቤት ነው። ዓይኔ ግን ሽቦው ተዘርግፎ የተቀመጠው መኪናዋ ላይ አረፈ።

"ጥሪያቸው፣ ማዳም። እኔን ይወስዱኛል። ይሄንን ማን ይገጥምልሻል?"

ወደ ሙዓለም ዞረች። "ትሰማታለህ?"

ሙዓለም እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ማዳም፣ የፈታችው እሷ ናት፤ የምትገጥመውም እሷ ናት" አላት።

"ፓስፖርቴን አምጪልኝ" አልኩ።

"ጠፍቷል!"

"እንግዲያው ፈልጊው።"

ታክሲ ይዛ ሄደች። ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ከእሷ ቀድሞ ፖሊስ ይመጣል ብዬ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። ብቻዋን ተመለሰችና ፓስፖርቴን ወንበሩ ላይ ወረወረችው። አዲስ ማቀዝቀዣ አስገብቼ፣ ዳሽቦርዱንና መሪውን መልሼ ገጥሜ ጋዝ ሞላሁ። ቀዝቃዛው አየር ሲወጣ ፊቷን አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነችና ከልማዷ የተነሳ "ሜርሲ" ብላ አመሰገነች። ለማን እንዳለችው ትዝ ሲላት በሩን ፊቴ ላይ ድርግም አድርጋ ዘግታ ነዳች።

ፓስፖርቱን ገለጥኩት። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል።

ሙዓለም እንዳላየኝ ሆኖ ዕቃ ሲሰበስብ ቆየ። "ነገ አትምጪ" አለኝ በኋላ። "ሴትዮዋ ቦታውን አውቃለች። እኔም ልጆች አሉኝ። ኸላስ፣ በቃ።" ሹክራን ብዬ አመስግኜው ወጣሁ፤ ግን ተናድጄ ነበር። በእሱም በራሴም።

እሑድ እናቴ ጋ ደወልኩ። የበረንዳውንም ከማዳሜ ቤት መጥፋቴንም እንዳትጨነቅ ብዬ ነግሬያት አላውቅም። ፓስፖርቴ እጄ ገባ ስላት እልል አለች።

"ደስታ በደስታ ላይ ነው ልጄ! እህትሽም ፓስፖርቷን አወጣች። ደላላው ጨርሶላታል። እንኪ አናግሪያት።"

ታናሽ እህቴ ስልኩን ነጥቃ፣ "እትዬ፣ ያንቺዋ ማዳም ሠራተኛ አትፈልግም? አንቺን ስለምታውቅ እኔንም ትንከባከበኝ ነበር" አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ከየት ልጀምርላት?

"እትዬ? ትሰሚኛለሽ?" ትላለች።

እሰማታለሁ።