ከአሸናፊዎቹ ጋር የተንበረከከው አምበል

«አሜን ስትል ሰምቼሃለሁ።»

«ብያለሁ» አለ አምበላችን። የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አንድ ጫማውን አውልቋል፤ ሌላውን የረሳው ይመስላል።

«ለምኑ ነው አሜን ያልከው? ሁለት ለባዶ ስለረቱን?»

ጠያቂው አጥቂያችን ነበር። ያለነው የነጋዴው የሐጂ መጋዘን ውስጥ ነው። ማልያ የገዙልን ሐጂ ናቸው፤ ከጨዋታ በኋላ እዚያው አውልቀን እናስረክባለን። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት መልሶ እኛ ላይ ይለቀዋል። በየቤታችን የምንናገረው ቋንቋ የተለያየ ነው፤ ስንጣላ ግን በአማርኛ ነው።

ጋምቤላ ውስጥ በሰፈራችን ውድድር ያሸነፈ ቡድን መሐል ሜዳ ላይ ክብ ሠርቶ ይንበረከካል። አንዱ ይጸልያል፣ ሌሎቹ አሜን ይላሉ። የተሸነፈው በዚያ ሰዓት ጫማውን አንጠልጥሎ ወደ ማንጎው ጥላ ይሄዳል። ማንም ያወጣው ሕግ አይደለም፤ እንዲሁ ነው የሚደረገው። ባለፈው ሳምንት እኛም አሸንፈን ተንበርክከናል። ዛሬ ግን ተሸንፈን ጥላው ስር ደርሼ ዞር ስል፣ በቢጫዎቹ ማልያዎች መካከል አንድ ሰማያዊ ጀርባ አየሁ። አምበላችን ነው። አንዱ ባለ ቢጫ ትከሻውን አቅፎታል።

«ባለፈው ስናሸንፍ ማንን አመሰገንን?» አለ አምበሉ። አማርኛ ሲናገር ቃል ይቆጥባል።

«እግዚአብሔርን።»

«ዛሬ ሌላ ነው?»

አጥቂያችን ራሱን ነቀነቀ። «ያኔ የራሳችን ጸሎት ነበር። ዛሬ የሰው ጸሎት ውስጥ ነው የገባኸው።»

«እኔ እንኳ ስትጸልዩ ዳር ቆሜ ነው የምጠብቃችሁ» አለ በረኛችን፣ የሐጂ የወንድም ልጅ። «ይሄ ደግሞ ያገኘው ውስጥ ይገባል።»

አንዳንዶቻችን ሳቅን። አጥቂያችን አልሳቀም። ባዶ ጎል ፊት ለፊት አግኝቶ የሳታትን ኳስ እስካሁን ማንም አላነሳበትም።

«ልጆች፣ የቸርቻችሁን ጉዳይ ቸርች ሄዳችሁ ጨርሱ» አሉ ሐጂ ከበሩ አጠገብ። «እኔ ማልያዬን ብቻ ስጡኝ።»

«የቸርች አይደለም ሐጂ፣ የኳስ ነው» አለ አጥቂያችን። «እሁድ በመልሱ ጨዋታ እነዚሁኑ ልጆች ነው የምንገጥመው። እሱ ከማን ጋር እንደሆነ በምን እናውቃለን? ጨርቁን ይፍታ፣ ሌላ አምበል እንምረጥ።»

አምበሉ ክንዱ ላይ የታሰረችውን የአምበልነት ነጭ ጨርቅ ማለቱ ነው።

እኔ ልናደድ ፈልጌ ነበር፤ ንዴቱ ግን አልያዝ አለኝ። ተንበርክኮ ሳየው መጀመሪያ አፈርኩበት። ወዲያው ደግሞ ቀናሁበት። ሽንፈቱ ባይሰማው ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ጉልበቱ ተልጦ ደሙ ካልሲው ላይ ደርቋል። ከሁላችንም በላይ የሮጠው እሱ ነው።

«መሸነፉ አላመመህም?» አልኩት።

«አመመኝ። ለዚያ ነው የሄድኩት።»

«አልገባኝም።»

«እኔም» አለ። ሲቀልድ ይሁን ከልቡ ፊቱን አይቼ መለየት አቃተኝ።

ሐጂ ሰለቻቸው። «በሉ እጅ አውጡ። ዓይን ጨፍናችሁ፣ ልክ ጸሎት ላይ እንደምታደርጉት። ነገ እንዳትኮራረፉ። እኔ አይቼ እነግራችኋለሁ። ጨርቁን ይፍታ የሚል እጁን ያንሳ።»

ጨፈንኩ። እጄን አላነሳሁም። ግን ጸሎት ላይም ቢሆን ዓይኔ ጨፍኖ አይቆይልኝም፣ ገለጥኩት። የአጥቂያችን እጅ ቀጥ ብሏል። የበረኛው ወርዷል። ካነሱትና ካላነሱት የሚበልጠው የቱ እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግር ነበር፤ እኩል ለእኩል መሰሉኝ። ከዚያ አምበሉን አየሁት። ዓይኑን ጥብቅ አድርጎ ጨፍኖ እጁን አንስቷል። ጨርቋ የታሰረችበትን እጅ።

ሐጂም አዩት። ከዚያ የእኔን የተገለጠ ዓይን አዩ። ቶሎ ጨፈንኩ።

«ይፍታ ተብሏል» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ሆነብኝ።

የአምበሉን እጅ ለምን አልተናገሩም? እኔስ ለምን ዝም አልኩ? ሰው በራሱ ላይ ድምፅ መስጠት አይችልም የሚል ሕግ ያለን አይመስለኝም። ይችላል የሚልም የለንም።

አምበሉ ቋጠሮውን በጥርሱ ፈታው። ተነሣ፣ አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ እያነከሰ አጥቂያችን ፊት ቆመ። ጨርቋን በግራ እጁ አቀበለው፤ ቀኙን ለሰላምታ ዘረጋ።

«እሁድ በጊዜ እመጣለሁ» አለ። «ጌታ ይባርክህ።»

አጥቂያችን የተዘረጋውን እጅ አየ። ያሸነፈ ሰው መልክ አልነበረውም። «እንደሱ አታድርግ» ብቻ አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚለምን ሰው። ጨርቋን ጆንያው ላይ ጣላት፤ ማልያውን እንኳ ሳያወልቅ በሐጂ አጠገብ አልፎ ወጣ።

የአምበሉ እጅ ገና እንደተዘረጋ ነበር፣ የብረቱ በር ሲዘጋ።